ላንድስኬፕ አርክቴክት መቼ ይጠራ? ለሪል እስቴት አልሚዎች ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ሕንፃው አልቋል። ቀለሙ ተቀብቷል። ለርክክብ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። አልሚው በመስኮት ወደ ግቢው ሲያይ የሚታየው የኮንክሪት ፍርስራሽ፣ የተደፋ አፈርና ኩሬ የሠራ ውሃ ነው። ያኔ ስልክ ይደወላል፤ «እባክህ ግቢውን ቶሎ አረንጓዴ አድርግልን።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በዚያ ሰዓት የተጠራ ባለሙያ ሣር ማንጠፍ ይችላል። አበባም ይተክላል። ውሃው ወደ በሩ የሚወርደው ግን የወለሉ ከፍታ ያለ ቦታው ስለተወሰነ ነው። ዛፉ አልበቅል ያለው ከሥሩ የጋራዥ ጣሪያ ስላለ ነው። ሁለቱም የተወሰኑት ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ ወረቀት ላይ ነው። አሁን ማስተካከል ማለት ማፍረስ ማለት ነው።

ላንድስኬፕ አርክቴክት አትክልተኛ አይደለም። ሥራው ከሕንፃው ግድግዳ ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ነው፦ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ፣ የዝናብ ውሃው መሄጃ፣ የእግረኛውና የመኪናው መንገድ፣ ደረጃው፣ ድጋፍ ግንቡ፣ መብራቱ፣ መቀመጫው፣ የልጆች መጫወቻው። ተክሉ የሚመጣው ከነዚህ በኋላ ነው።

ሙያው ከመሬት ልማት ጋር የተዋወቀውም ዛሬ አይደለም። ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ እ.ኤ.አ. በ1858 የኒው ዮርኩን ሴንትራል ፓርክ የዲዛይን ውድድር አሸነፉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ የመሬት አልሚ ኩባንያ ቀጠራቸው፤ በቺካጎ አቅራቢያ ሪቨርሳይድ የተባለውን መኖሪያ ሠፈር ነደፉለት። የሠፈሩ መንገዶች የወንዙንና የመሬቱን ጠመዝማዛ ተከትለው ይሄዳሉ። ገና ቤት ሳይሠራ ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ከመግዛታችሁ በፊት አብራችሁ እዩት

ለግማሽ ቀን ብቻ ይዛችሁት ሂዱ። ክፍያው ከቦታው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። የሚያየው ነገር ግን በካርታ ላይ የለም። የጎረቤት ውሃ ወደ እናንተ ይፈሳል ወይ? ከእናንተስ ወዴት ይወጣል? መውጫ የሌለው ውሃ ከሁሉ የከፋው የቦታ ጉድለት ነው። በበጋም እርጥብ ሆኖ የሚቆይ፣ ደንገል ቢጤ የበቀለበት ጥግ ካለ ከሥሩ ውሃ አለ ማለት ነው። የሚጠበቅ ትልቅ ዛፍ ካለ ደግሞ ሕንፃው የት ሊያርፍ እንደሚችል ከወዲሁ ይወስናል።

ከቻላችሁ በዝናብ ሂዱ። ጫማችሁ ይበላሻል፣ ግን ያዋጣል።

ደረጃ 2፦ ውሉ ላይ የማን ሥራ የት እንደሚያበቃ ጻፉ

ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው በድንበር ላይ ነው። የግቢውን ከፍታ ማን ይነድፋል? ላንድስኬፕ አርክቴክቱ። የቱቦውን ስፋት ማን ያሰላል? ሲቪል መሐንዲሱ። ከፍ ያለ ድጋፍ ግንብ ቦታውና መልኩ የላንድስኬፕ አርክቴክቱ፣ ስሌቱና ብረቱ የስትራክቸር መሐንዲሱ ነው። የውጭ መብራት አቀማመጡ የላንድስኬፕ አርክቴክቱ፣ መስመሩ የኤሌክትሪክ ባለሙያው። ይህ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይሠፍራል። ካልሠፈረ «እኔ መስሎኝ አንተ ነህ» ይመጣል።

ክፍያውን በየምዕራፉ ከፋፍሉት፦ ጥናት፣ የመጀመሪያ ሐሳብ፣ ዝርዝር ዲዛይን፣ የጨረታ ሰነድ፣ ክትትል። ለክትትሉ ደህና ድርሻ አስቀሩ። ወረቀት ሲያልቅ ክፍያውም ካለቀ ባለሙያውን ሳይት ላይ አታዩትም።

ደረጃ 3፦ ቦታውን አስጠኑ

የቅየሳ ሥራው ኮንቱሩን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) በግማሽ ሜትር ልዩነት ያሳይ። የእያንዳንዱ ዛፍ ቦታና የግንዱ ውፍረት ይመዝገብ። ከአጥሩ ውጭ ያለው መንገድና ማንሆል ከፍታም ይለካ፤ ብዙ ቀያሾች አጥሩ ጋ ያቆማሉ፣ ውሃ ግን አጥር አያውቅም።

አፈሩን ላቦራቶሪ ላኩ። ውሃ እንዴት እንደሚሰርግ ግን ራሳችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። 30 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉትና ሰርጎ ይለቅ። እንደገና ሙሉት። አሁን በአንድ ሰዓት ስንት ሴንቲ እንደወረደ በማስመሪያ ለኩ። ከ2.5 ሴንቲ በታች ከሆነ አፈሩ ዝግ ነው፤ በስርገት ላይ የተመሠረተ ዲዛይን አይሸከምም። ይህን በተለያየ ቦታ ሦስት አራት ጊዜ አድርጉት።

የፀሐይና የነፋስ አቅጣጫም ይጠና። የልጆች መጫወቻ ቀኑን ሙሉ የሕንፃው ጥላ ውስጥ የሚውልባቸው ግቢዎች ስንት እንደሆኑ ብታውቁ ትገረማላችሁ።

ደረጃ 4፦ የወለሉ ከፍታ ከመጽደቁ በፊት አስመርምሩት

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን እንዳትረሱ። የምድር ቤቱ ወለል ከፍታ ላንድስኬፕ አርክቴክቱ ሳያየው አይጽደቅ።

በምሳሌ እንየው። ቦታው 80 ሜትር በ50 ሜትር፣ በጠቅላላው 4,000 ካሬ ነው እንበል። ከላይም ከታችም መንገድ አለው። ከላይኛው መንገድ ወደ ታችኛው 50 ሜትር ሲኬድ መሬቱ በ8 በመቶ ይወርዳል። ታችኛው መንገድ ከላይኛው 4 ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ሕንፃው ከሁለቱም መንገድ 10 ሜትር ሸሽቶ መሃል ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ ጋራዥ አለ። የጋራዡ ወለል ከምድር ቤቱ ወለል በ3 ሜትር ይወርዳል።

የላይኛውን መንገድ ዜሮ እንበለው። አርክቴክቱ ሕንፃው ግርማ እንዲኖረው ወለሉን ከመንገዱ 60 ሴንቲ ከፍ አደረገው። ወረቀት ላይ ይህች ቁጥር ምንም አትመስልም። መሬት ላይ ስትወርድ ግን ጣጣ አላት። ዋናው በር ላይ 15 ሴንቲ ከፍታ ያላቸው አራት ደረጃዎች ይመጣሉ። ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ) ያስፈልጋል። በብዙ አገሮች ደንብ የራምፕ ዳገት ከ1 ለ12 (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ ማረፊያው ሳይቆጠር 7.2 ሜትር ርዝመት ይይዛል። በታች በኩል ደግሞ የጋራዡ ወለል ከዜሮ 2.4 ሜትር ዝቅ ብሎ ይወድቃል፤ መንገዱ ግን 4 ሜትር ዝቅ ያለ ነው። መኪናው በ10 ሜትር ውስጥ 1.6 ሜትር ሊወጣ ነው። ያ 16 በመቶ ዳገት ነው። በዝናብ ቀን መኪናውን እዚያ ላይ አቁሞ እንደገና ማስነሳትን አስቡት። በዚያ ላይ ጋራዡ ከተፈጥሮ መሬቱ 80 ሴንቲ ስለሚንሳፈፍ ሙሌትና ድጋፍ ግንብ ይጨመራል።

አሁን ላንድስኬፕ አርክቴክቱ ኮንቱሩን አየና «ወለሉን 80 ሴንቲ አውርዱት» አለ። ምድር ቤቱ ከዜሮ 20 ሴንቲ ዝቅ አለ። ጋራዡ 3.2 ሜትር ዝቅ አለ። ከላይኛው መንገድ 40 ሜትር ላይ፣ በሕንፃው ታችኛ ግድግዳ ሥር፣ የተፈጥሮ መሬቱ ስንት ነው? 40 ሲባዛ በ8 በመቶ፣ 3.2 ሜትር። ጋራዡ ልክ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። መኪናው በ8 በመቶ ዳገት ይገባል። የዝናቡ ውሃም ወደ መንገዱ ይወርዳል እንጂ ጋራዥ አይገባም። በላይ በኩል ሰው ከመንገድ እስከ በሩ በ10 ሜትር 20 ሴንቲ ብቻ ይወርዳል። ደረጃ የለም፣ ራምፕ የለም። የልጅ ጋሪ የሚገፋውም፣ ሻንጣ የሚጎትተውም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣውም በአንድ በር ይገባል።

ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም። መሬቱ ወደ ሕንፃው ስለሚያዘነብል ከላይ የሚመጣው ውሃ በሩን ያንኳኳል። ስለዚህ ከግድግዳው 3 ሜትር ያህል ርቆ፣ ሣር የለበሰ ጥልቀት የሌለው ቦይ ውሃውን ወደ ሁለቱ ጎን ይወስዳል። ግድግዳው ሥር ያለው መሬት ወደዚያ ቦይ ይውረድ። የተለመደው ልክ በመጀመሪያው 3 ሜትር 15 ሴንቲ፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። የእግረኛው መንገድ ቦዩን ተሻግሮ ያልፋል፤ በሩ ፊት ደግሞ ፍርግርግ ክዳን ያለው ቦይ ይቀመጣል።

80 ሴንቲ ነች። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት በእርሳስ ትጠፋለች። ከፈሰሰ በኋላ ግን ማጣፊያው ያጥራል።

ደረጃ 5፦ የዝናቡን ውሃ በሊትር ቁጠሩ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። ይህን የያዘ ሰው ሂሳቡን ራሱ ይሠራዋል።

የእኛው 4,000 ካሬ ከመገንባቱ በፊት ሣር ነበር። በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ እንበል (ትክክለኛው ቁጥር ከአካባቢው የዝናብ መዝገብ ይወሰዳል)። 160 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ከሣር ላይ ሩቡ ያህል ይፈሳል ብለን ብንይዝ 40 ሜትር ኩብ ይወጣል። አሁን 2,800 ካሬው ጣሪያ፣ አስፋልትና ንጣፍ ሆነ። ውሃ ከማያሰርግ ገጽ 90 በመቶው ይፈሳል፤ ወደ 101 ሜትር ኩብ። ከቀረው 1,200 ካሬ አረንጓዴ 12 ሲጨመር 113 ሆነ። በፊት 40፣ አሁን 113። ትርፉ 73 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 73,000 ሊትር ነው። የመንገዱ ቱቦ ግን ያው የድሮው ነው።

ይህን ውሃ ግቢ ውስጥ ይዞ ቀስ አድርጎ መልቀቅ የላንድስኬፕ አርክቴክቱ ጥበብ ነው። 200 ካሬ የሚሆን፣ 20 ሴንቲ ጎድጎድ ያለ የአትክልት መደብ 40 ሜትር ኩብ ይይዛል። ሲያዩት የተዋበ መደብ ነው፤ ሲዘንብ ገንዳ ይሆናል። መኪና ማቆሚያው ውሃ በሚያሳልፍ ንጣፍ ተሠርቶ ከሥሩ 40 ሴንቲ ጠጠር ቢደረግስ? በጠጠር መካከል ያለው ክፍተት 40 በመቶ ያህል ነው። 200 ካሬ ማቆሚያ 32 ሜትር ኩብ ያዘ ማለት ነው። 72 ደረስን። የቀረችው አንድ ሜትር ኩብ መደቡን ግማሽ ሴንቲ ጨምሮ በማጎድጎድ ትሸፈናለች።

ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መደቡ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይደርቃል? ካልደረቀ ትንኝ ይፈለፈላል። ሁለተኛ፣ ከታሰበው በላይ ቢዘንብ ትርፉ በየት ይወጣል? «አይሞላም» የሚል መልስ አትቀበሉ።

ደረጃ 6፦ በጋራዥ ጣሪያ ላይ ዛፍ ካሰባችሁ ለስትራክቸር መሐንዲሱ ዛሬውኑ ንገሩት

የሽያጭ ሥዕሉ ላይ የሚያምር የዛፍ ረድፍ አለ። ከሥሩ ግን ጋራዥ ነው። ሣር 20 ሴንቲ አፈር ይበቃዋል። ቁጥቋጦ ግማሽ ሜትር ይፈልጋል። ዛፍ ቢያንስ አንድ ሜትር። ውሃ የጠጣ አፈር በሜትር ኩብ 1.8 ቶን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ለዛፍ በየካሬው ወደ 1.8 ቶን፣ ለሣር ብቻ ከሆነ 360 ኪሎ ገደማ ይጫናል። ልዩነቱ የስላቡን (የጋራዡን የኮንክሪት ጣሪያ) ውፍረትና የብረቱን መጠን ይለውጣል።

ብልሃቱ አፈሩን በሙሉ ከፍ ማድረግ ሳይሆን ዛፎቹን በኮለኖቹ (በምሰሶዎቹ) አናት ላይ ማሰለፍና አፈሩን እዚያ ብቻ ማጎበጥ ነው። ይህ የሚሆነው ሁለቱ ባለሙያዎች ገና ኮለኖቹ ሳይደረደሩ ከተነጋገሩ ነው። ሚላን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጠናቀቁት የቦስኮ ቬርቲካሌ ፎቆች በረንዳቸው ላይ ዛፍ የተሸከሙት እንዲሁ በድንገት አይደለም። ክብደቱ በስሌት ተይዟል፤ ዛፎቹ ነፋስ መቋቋማቸውም በነፋስ ዋሻ ተፈትኗል።

የውሃ መከላከያው፣ ሥር እንዳይበሳው የሚያግደው ንጣፍና የውሃ ማስወገጃው ንብርብር በቅደም ተከተል ይሠሩ። አፈር ከመደፋቱ በፊት ስላቡ ላይ ውሃ አቁሮ ሁለት ቀን መፈተን ግድ ነው። አፈር ከለበሰ በኋላ ፍሳሽ መፈለግ ገለባ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው።

ደረጃ 7፦ ሁሉንም መስመር በአንድ ወረቀት አስደርቡ

ሳኒተሪው የራሱን ሥዕል ይሠራል። ኤሌክትሪኩ የራሱን። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው። ሲደራረቡ ግን ማንሆሉ የመግቢያው መንገድ መሃል ላይ ያርፋል፣ ትራንስፎርመሩ ዋናው በር አጠገብ ይገተራል፣ ዛፉ የፍሳሽ ቱቦ ላይ ይተከላል። የቱቦ መገጣጠሚያ ሲሰነጠቅ የዛፍ ሥር እርጥበቱን ተከትሎ ይገባል፤ የዚያን ጊዜ ወይ ዛፉ ወይ ቱቦው ይሰናበታል።

በአንድ ወረቀት ላይ በተለያየ ቀለም ይደረቡና ሁሉም ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥ። ሁለት ሰዓት ይበቃል። የእሳት አደጋ መኪና እስከ ሕንፃው ይደርሳል? የቆሻሻ መኪናስ ወደ ኋላ ሳይሄድ ይዞራል? ማንሆሉን ሁለት ሜትር ወደ ሣሩ መግፋት ዛሬ በእጅ የሚሰረዝ መስመር ነው።

ደረጃ 8፦ በጀቱን ቆልፉት

የግቢ ሥራ የመጨረሻ ስለሆነ የሌላው ሁሉ ኪሳራ የሚወራረደው ከሱ ነው። ብረት ሲወደድ ዛፍ ይቀነሳል። ሊፍት ሲዘገይ መቀመጫ ይሰረዛል። ስለዚህ ገንዘቡ በተለየ መስመር ይያዝ። የግድ መቀነስ ከመጣም መጀመሪያ የማይነካው ከመሬት በታች ያለው ነው፦ የአፈር ጥልቀት፣ ቱቦ፣ የውሃ ማጠጫ መስመር። ውድ ንጣፍ በርካሽ ሊተካ ይችላል። አነስተኛ ችግኝ በጥሩ አፈር ላይ ከተተከለ በጥቂት ዓመት ይደርሳል። በመጥፎ አፈር ላይ የተተከለ ውድ ዛፍ ግን ገንዘብ መቅበር ነው።

ግንባታው በምዕራፍ የሚሄድ ከሆነ የኋለኛውን ምዕራፍ ዛፎች ከአሁኑ ትከሉ። ሕንፃ በሁለት ዓመት ይቆማል፣ ዛፍ አይቸኩልም።

ደረጃ 9፦ ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት አጥር ይታጠር

የሚተርፈው ዛፍ ይለይና ይታጠር። ልኩ ቀላል ነው፦ ግንዱን ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ለክታችሁ ዲያሜትሩን በ12 አባዙት። 50 ሴንቲ ከሆነ አጥሩ ከግንዱ 6 ሜትር ይርቃል። ብዙ ሰው ግንዱን በጣውላ ጠቅልሎ የጠበቀው ይመስለዋል። አብዛኛው ሥር ያለው ግን በላይኛው 60 ሴንቲ አፈር ውስጥ ነው፤ የሚሞተውም ከባድ መኪና ሲመላለስበትና ሲሚንቶ ሲቦካበት ነው። ዛፉ ወዲያው ስለማይደርቅ ጥፋተኛ አይገኝም። በሁለተኛው በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ ይሳሳል፣ ያኔ ኮንትራክተሩ የለም።

የላይኛውን 15 ሴንቲ ለም አፈር አስገፍታችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ክምሩ ከ2 ሜትር አይብለጥ። ከገረጋንቲና ከፍርስራሽ ጋር እንዳይቀላቀል ሰው መድቡ። ይህ ካልሆነ በመጨረሻ ያንኑ አፈር ገዝታችሁ ትመልሳላችሁ።

ደረጃ 10፦ ተከላውን ይከታተል፣ ከርክክብ በኋላም አንድ ዓመት ይቆይ

ላንድስኬፕ አርክቴክቱ ችግኞቹን ከመጫናቸው በፊት ችግኝ ጣቢያው ሄዶ ይምረጥ። ሳይት ላይ ሲደርሱ ማየት ዘግይቷል፤ መልሶ ለመስደድ ማንም አይደፍርም።

ተከላው ላይ የሚበዛው ስህተት አንድ ነው፤ ጠልቆ መትከል። ጉድጓዱ ከሥሩ ኳስ (ሥሩ ይዞት ከሚመጣው የአፈር ጓል) ሁለት ሦስት እጥፍ ይስፋ እንጂ ከኳሱ አይጥለቅ። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት አንገት ከመሬት በላይ መታየት አለበት። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ መሬት የገባ ግንድ ካያችሁ ተቀብሯል ማለት ነው። ላዩ ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ቅርፊት ወይም ገለባ ይልበስ፣ ግንዱን ግን አይንካ።

በርክክቡ ቀን ቁልፍ ብቻ አትቀበሉ። የተሠራውን እንደተሠራ የሚያሳይ ሥዕል፣ የእያንዳንዱ የውሃ ቫልቭ ቦታና የወር በወር የእንክብካቤ ዝርዝር አብሮ ይምጣ። ያለዚህ የመጀመሪያው የቱቦ ብልሽት ግቢውን በሙሉ ያስቆፍራል።

ከዚያ ለ12 ወር ኮንትራክተሩ ያጠጣል፣ ያርማል፣ የሞተውን ይተካል። ላንድስኬፕ አርክቴክቱ በየሦስት ወሩ ይመጣና የተክሎቹን ዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ የውሃ መደቡ መድረቁን ያያል። በዓመቱ መጨረሻ የዛፎቹ ድጋፍ እንጨት ይነሳል። ግንዱን ይዞ ነቅነቅ ሲያደርጉት ከሥሩ የማይናጋ ከሆነ ይዟል። የተናጋው ይተካል፤ የኮንትራክተሩ ሪቴንሽን (ለዋስትና ተይዞ የቆየው ክፍያ) የሚለቀቀውም ከዚያ በኋላ ነው።